ርእሰ አንቀጽ፦ በአሶሳ የመስኮት ዋጋና የቤታችን ብርሃን

የዚህ እትም ርእሰ አንቀጽ ስለ መስኮት ነው። የተማሪዎች ማኅበር ልሳን ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አጣ ወይ? የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኛ ግን በአሶሳ ከተማ ቤት የሠራ፣ ቤት ያደሰ፣ ወይም ቤት የተከራየ ሰው ሁሉ በዚህ ጥያቄ እንደማይስቅ እናምናለን። ግድግዳውን በጭቃ መርጎ፣ ጣራውን በቆርቆሮ ከድኖ፣ ለመስኮቱ ግን ገንዘብ አጥሮት ክፍተቱን በጆንያ ወይም በቆርቆሮ ቁራጭ የደፈነ የቤተ ሰብ አባወራ በየሰፈሩ አለ። የተሰበረ መስታወት ለማስለወጥ ዋጋ ጠይቆ፣ ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ ካርቶን የለጠፈ ሰውም አለ። ስለዚህ ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም ትንሽ አይደለም። ቤት ውስጥ የሚያነብ ልጅ ዓይን፣ የምታበስል እናት ሳንባ፣ የሚተኛ ሕፃን ደም በዚህች አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይወሰናሉ።

በመጀመሪያ ዋጋው ለምን እንደዚህ እንደ ሆነ እንመልከት። ብዙ ሰው በነጋዴው ላይ ብቻ ይፈርዳል። ነጋዴው አንዳንድ ጊዜ የሚወቀስበት ምክንያት መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ተማሪ የተባለ ሰው ከመፍረዱ በፊት መመርመር አለበት።

መስታወት ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ ድንጋይ ይሠራል። እነዚህ ተቀላቅለው እስከ 1500 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ይቀልጣሉ። እንግሊዛዊው አላስታይር ፒልኪንግተን የቀለጠውን መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ አንሳፍፎ የመዘርጋቱን ዘዴ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ካስታወቀ ወዲህ፣ ጠፍጣፋ መስታወት በዓለም ላይ እጅግ ረክሷል። ሆኖም በፋብሪካው በር ላይ ርካሽ የሆነው ዕቃ በእኛ በር ላይ ውድ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም በመካከል ያለው መንገድ ነው። ከውጭ የሚመጣው መስታወትና አልሙኒየም ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ በባቡር ቢመጣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ደግሞ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል አድርጎ አሶሳ ለመድረስ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ከባሕር እስከ ደጃችን ከ1400 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ነው ማለት ነው።

መስታወት ደግሞ እንደ ስኳር በጆንያ ታስሮ የሚጫን ዕቃ አይደለም። ቆሞ፣ በእንጨት ታቅፎ፣ በሣር ወይም በወረቀት ተደግፎ መጓዝ አለበት። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር መስታወት 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እንግዲህ አራት ሚሊ ሜትር ቢሆን በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ነው። ወርዱም ቁመቱም 1.20 ሜትር የሆነ አንድ መስኮት 14 ኪሎ ያህል መስታወት ይፈልጋል፤ አምስት እንዲህ ያሉ መስኮቶች ያሉት ቤት ከ70 ኪሎ በላይ ይሆናል። በመንገድ የተሰበረውን ነጋዴው ከኪሱ አይከፍለውም፤ ባልተሰበረው ዋጋ ላይ ያክለዋል። ስለዚህ በአሶሳ አንድ መስታወት የሚገዛ ሰው በመንገድ የተሰበረውንም መስታወት አብሮ ይገዛል።

ከዚህ በተጨማሪ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ወለጋና በክልላችን በካማሺ ዞን በተነሣው ግጭት የተነሣ የነቀምቴው መንገድ በየጊዜው ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። ሰው በአውሮፕላን ሊሄድ ይችላል፤ መስታወት ግን በአውሮፕላን ተሳፍሮ አይመጣም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር በመጋዘን ያለው ጥቂት ዕቃ ዋጋው ይወጣል። መንገዱ ሲከፈት ግን ዋጋው በወጣበት ፍጥነት ሲወርድ አይታይም።

ሦስተኛው ምክንያት የገንዘብ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ በዓመቱም ከ130 ብር በላይ ሆነ። ይህን በቀላል ስሌት እናስረዳ። በውጭ አገር 10 ዶላር የሚያወጣ አንድ መስታወት ቢኖር፣ ቀድሞ የሚጠይቀው 570 ብር ነበር፤ በዓመቱ ግን ያው መስታወት፣ አንድ ጣት እንኳ ሳይወፍር፣ ከ1300 ብር በላይ ጠየቀ። በዚህ ላይ ቀረጥና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል፤ ታክሱም የሚሰላው በናረው ዋጋ ላይ ነው። ኤልቲዜድ የሚባለው የመስኮት ብረትም፣ አልሙኒየሙም፣ የብየዳው ዘንግም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። የመምህሩና የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ደመወዝ ግን በዚህ ልክ አልተከተለም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ከእኛ ዐቅም ውጭ የሆነውን ነው። አሁን ደግሞ በእኛው እጅ ያለውን፣ በእኛው አለማወቅና በእኛው ክብር ፍለጋ የሚባክነውን እንናገር፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ዓላማም ይኸው ነው።

አንደኛ፣ ልክ የለንም። በከተማችን እያንዳንዱ ግንበኛ የመስኮቱን ቀዳዳ እንደ ልቡ ይከፍታል፤ ብረት ሠሪውም በተከፈተለት ልክ ይበይዳል። ውጤቱን በቁጥር እንይ። በገበያ በብዛት ከሚገኙት ሙሉ መስታወቶች አንዱ ወርዱ 1.83 ሜትር፣ ቁመቱ 2.44 ሜትር ነው። 1.20 ሜትር የሆነ መስኮት በአራት ቢከፈል እያንዳንዱ ክፍል ለብረቱ ከተተወው በኋላ 58 ሳንቲ ሜትር ያህል መስታወት ይፈልጋል። ከአንዱ ሙሉ መስታወት በወርድ ሦስት፣ በቁመት አራት፣ በጠቅላላው 12 ቁራጭ ይወጣል፤ ይህም ሦስት መስኮት ይሸፍናል፤ የሚጣለውም ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። አሁን ግንበኛው ቀዳዳውን በስምንት ሳንቲ ሜትር ቢያሰፋውና ቁራጩ 62 ሳንቲ ሜትር ቢሆንስ? በወርድ ሁለት፣ በቁመት ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት ብቻ ይወጣል። ስምንት ሳንቲ ሜትር የአንድ ስንዝር ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ባለቤቱን ግን ለሁለት መስኮት የሚገዛውን መስታወት እጥፍ ሊያደርግበት ምንም አልቀረውም። የተረፈው ቁራጭም ሌላ ልኩ የሆነ መስኮት ካልተገኘ በሱቁ ጥግ ቆሞ ይሰበራል። ይህን ለማስተካከል የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም፤ ሜትርና ስምምነት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ፋሽን ያስከፍለናል። ዛሬ ዘመናዊ ቤት ማለት ሰፊና የሚንሸራተት የአልሙኒየም መስኮት ያለው ቤት ማለት ሆኗል። የሚንሸራተት መስኮት ሁልጊዜ አንዱ ክንፍ በሌላው ላይ ስለሚደረብ ቢበዛ ከግማሹ በላይ ሊከፈት አይችልም። በማጠፊያ የሚዞረው የድሮው መስኮት ግን ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ለብርዳማው ደጋ የሚንሸራተተው ይስማማ ይሆናል። አሶሳ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሙቀቱ የሚያስጨንቅባት ከተማ ናት። በእጥፍ ዋጋ የነፋሱን ግማሽ መግዛት ምን ዐይነት ሥልጣኔ ነው? ሰፊ ወጥ መስታወት ደግሞ አንዲት ጠጠር ስታርፍበት ሁሉም ይሄዳል፤ በአራትና በስድስት የተከፋፈለው ግን አንዲት ክፍል ብቻ ትሰበራለች፤ እርሷም በስቱኮ ተለጥፋ ከሰዓት በኋላ ትጠገናለች። ስለዚህ ከመግዣው ዋጋ ይልቅ የማስለወጫው ዋጋ መጠየቅ አለበት። ብልህ ሰው በቅሎ ሲገዛ ገብሱንም ያስባል።

ሦስተኛ፣ በደጃችን ያለውን ንቀናል። አገራችን በአፍሪካ በቀርከሃ ሀብት ከቀደሙት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ከዚህም ሀብት ሰፊው እጅ ሽመል የምንለው የቆላው ቀርከሃ ነው። ይኸው ሽመል በአሶሳ፣ በባምባሲና በሆሞሻ አካባቢ በብዛት ይበቅላል። የበርታ ሕዝብ ቤቱን በሽመል አጥሮና ማግሮ፣ በሣር ከድኖ ኖሯል፤ የተጠረበው የሽመል ግድግዳ ነፋስን ያሳልፋል፤ ዝናቡንም ረዥሙ ክፍክፍ ይከላከላል። ይህ ቤት መስኮት የሌለው ሳይሆን ግድግዳው ሁሉ መስኮት የሆነ ቤት ነው። እኛ ይህን ትተን በጭቃ የተመረገና በቆርቆሮ የተከደነ ቤት ስንሠራ፣ ነፋሱን ያሳልፍ የነበረውን ግድግዳ ደፈንነው፤ ከዚያም ያንኑ ነፋስ ለመመለስ ከውጭ አገር መስታወት እንገዛ ጀመር።

ወደ ኋላ ተመልሰን ሁላችንም በሣር ቤት እንኑር ማለታችን አይደለም። ሽመል ብልና ነቀዝ እንደሚያጠቃው፣ እሳትም እንደሚያሰጋው እናውቃለን። ነገር ግን ሽመልን በቦሪክ አሲድና በቦራክስ ውሃ ዘፍዝፎ ከነቀዝ መጠበቅ በብዙ አገር የታወቀ፣ ውድ ያልሆነ ዘዴ ነው። በሳንቃ ክፈፍ ውስጥ የተረበረበ የሽመል መዝጊያ፣ ከበስተኋላው የሽቦ ወንፊት ተደርጎበት፣ ከላይ ክፍክፉ ረዘም ብሎ ቢሠራ፣ ለመኝታ ቤትና ለማብሰያ ቤት ከመስታወት የሚያንስበት ነገር የለም። መስታወቱ ልጆች ለሚያነቡበት አንድ ክፍል ይቀመጥ። የቤቱን መስኮት ሁሉ መስታወት ማድረግ ግዴታ የሚመስለን ጎረቤታችን ስላደረገው ብቻ ነው።

ወንፊቱን ያነሣነው በከንቱ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1157 ሰዎች ሞተዋል። የእኛ ክልል ወባ ከሚበረታባቸው አንዱ መሆኑን ከመጽሐፍ መፈለግ አያስፈልገንም፤ ከመኝታ ክፍላችን መካከል ወባ ያልጎበኘችው ማን ነው? በአርባ ምንጭ አጠገብ የተደረገና በ2013 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ በራቸውና መስኮታቸው በወንፊት በተሸፈነ ቤቶች ውስጥ የወባ አስተላላፊዋ ትንኝ ብዛት በ40 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። አጎበር የሚጠብቀው የተኛውን ሰው ነው፤ ወንፊት ግን ራቱን የሚበላውን፣ የሚያጠናውንና ሕፃን የምታጠባውንም ይጠብቃል። እንግዲህ መስኮት ለማስለወጥ ገንዘብ የቆጠበ ሰው ከመስታወቱ በፊት ወንፊቱን ቢያስብ፣ በርካሹ ገዝቶ በውዱ ይጠቀማል።

«ድኻ መስኮት ምን ያደርግለታል? መጀመሪያ እንጀራ ይብላ» የሚሉ ወዳጆች አሉ። ለእነዚህ ከታሪክ እንመልስላቸው። በእንግሊዝ አገር ከ1696 እስከ 1851 በመስኮት ቁጥር ልክ የሚከፈል ግብር ነበር። ባለቤቶች ግብሩን ለመሸሽ መስኮታቸውን በጡብ ደፈኑ፤ ድኾችን የሚያከራዩትም እንዲሁ አደረጉ። ሐኪሞች በእነዚያ ጨለማ ቤቶች በሽታ መበርከቱን እየመሰከሩ ከብዙ ክርክር በኋላ ግብሩ ተሻረ። ፈረንሳይ ደግሞ የበርና የመስኮት ግብሯን የተወችው በ1926 ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ብርሃንና ነፋስ ዋጋ ሲወጣላቸው መጀመሪያ የሚጨልመው የድኻው ቤት ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ግብር የለም። ነገር ግን የምንዛሪው፣ የመንገዱና የልክ ማጣቱ ወጪ ተደምሮ ያንኑ ሥራ እየሠራ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው። ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. በካማሺና በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ወገኖቻችን ሞተዋል፤ ብዙዎች ቤታቸው ተቃጥሎ ተሰደዋል። ተመልሰው ቤት የሚሠሩት እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ጣራ፣ ቀጥሎ ግድግዳ፣ ቀጥሎ በር ያደርጋሉ፤ መስኮት መጨረሻ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይደረስበትም። በሌላ በኩል ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የቆመው በዚሁ በክልላችን፣ በጉባ ነው። ለአገር ሁሉ መብራት በሚመነጭበት ምድር፣ ፀሐይ በነፃ የምትሰጠው ብርሃን ወደ ቤት የሚገባበት ቀዳዳ መጥፋቱ ለሁላችንም ሊቆረቁረን ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትችት ብቻ ጽፎ መተው የተማሪ ልማድ ነው ተብለን እንዳንታማ፣ ሐሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን።

የከተማው አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ለመኖሪያ ቤት ሦስት ወይም አራት የመስኮት ልክ ብቻ ወስኖ ቢያስተዋውቅ፣ ብረት ሠሪው አስቀድሞ አዘጋጅቶ ሊሸጥ፣ ባለቤቱም የተሰበረውን በቀላሉ ሊተካ ይችላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ ቁጥር 624 ለክፍሎች በቂ ብርሃንና ነፋስ እንዲኖር አዝዞ ነበር፤ ሰው የታዘዘውን በዐቅሙ እንዲፈጽም መርዳት ደግሞ የአስተዳደሩ ድርሻ ነው።

ብረትና እንጨት ሠሪዎች በየፊናቸው አንድ ሁለት መስታወት ከአዲስ አበባ ከሚያስመጡ፣ ተባብረው በሣጥን ቢያስመጡ የጭነቱም የስባሪውም ወጪ ይቀንሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለጦርነት ብቻ አይደለም።

አከራይና ተከራይ ውላቸውን በጽሑፍ ያድርጉ። ከግቢ ውጭ የሚኖሩ ተማሪዎችና ብዙዎቹ መምህሮቻችን ተከራዮች ናቸው፤ በነፋስ የተሰበረ መስታወት የማን ዕዳ እንደ ሆነ የሚከራከሩትም ውል ስለሌላቸው ነው። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1804 ጀምሮ የተሰበረውን የመስኮት መስታወት ተከራዩ እንዲጠግን አዝዞ፣ በረዶ የሰበረው ከሆነ ግን አይጠየቅም ብሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ ነዳፊው ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸውና፣ የጥገናን ግዴታ በአከራይና በተከራይ መካከል ያከፋፍላል። ሲገቡ የመስኮቶቹን ብዛትና ሁኔታ ቆጥሮ በሁለት ቅጂ መፈራረም የአንድ ገጽ ወረቀት ሥራ ነው፤ የአንድ ዓመት ጠብ ግን ያስቀራል።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን እንመለስ። ምሕንድስና የምንማር ሰዎች ስለ ውጭ አገር ሕንፃ ስዕል ስንሥል እንውላለን፤ ከግቢው አጥር ባሻገር ያለውን መስኮት ግን ማን ለካው? የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ስለ ምንዛሪ ፈተና እንጽፋለን፤ በገበያው የመስታወትን ዋጋ ማን መዘገበ? ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን በሚመጣው የትምህርት ወቅት መጀመሪያ የፈቃደኞች ቡድን እንዲያቋቁም እናሳስባለን። ቡድኑ በየሰፈሩ የሚገኙትን የመስኮት ልኮች ይለካ፤ የመስታወት፣ የኤልቲዜድ፣ የወንፊትና የእጅ ዋጋን በየወሩ ጠይቆ በዚህ ልሳን ያውጣ፤ መምህሮቻችንም አንድ የሽመል መስኮት ሞዴል በመሥሪያ ክፍላችን እንድንሠራና ዝናብና ፀሐይ እንዲፈትነው ይምሩን። ዋጋ በግልጽ ሲጻፍ ገዢው አይታለልም፤ ቅን ነጋዴም አይታማም።

በአሶሳ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አይለቅም። ሥራው መጀመር ያለበት ክረምቱ ሳይገባ ነው። ለዚህ ቡድን ስሙን ለመስጠት የሚፈልግ ወንድም ወይም እኅት ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይምጣ፤ ሜትር ያለውም ሜትሩን ይዞ ይምጣ።